መዶሻው አልያዝ ያለው የአያት ጠመንጃ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሲወጣ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ሻገተ መጽሐፍ፣ ስለ ተጣመመ በርና ስለ ዛገ ዕቃ የሚጠይቁ ናቸው። ዘንድሮ ግን በርከት ያሉ አንባቢዎች ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ጽፈውልናል። ዕቃው ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል እየተጎሰጎሰ ይተኮስ የነበረው፣ ዛሬ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም በሣጥን ተከቶ የሚገኘው የአያት ጠመንጃ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ በመምቻው ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው በአንድነት እናቀርባቸዋለን። መምቻ ስንል በጠመንጃው ቀኝ ጎን ከእንጨቱ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘውን፣ መዶሻውን፣ ሞላዎቹንና መዶሻው ሲሳብ የሚይዘውን ምላስ የተሸከመውን የብረት ገበታ ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ጠመንጃ አለ። በሐምሌና በነሐሴ መዶሻውን ወደ ኋላ ስስበው አይያዝም፤ ወዲያው ተመልሶ ይወድቃል። በጥርና በየካቲት ግን ደኅና አድርጎ ይይዛል። አንድ ብረት ሠሪ የውስጡን ጥርስ በሞረድ ጠለቅ ቢያደርገው እንደሚስተካከል ነግሮኛል። የመተኮስ ሐሳብ የለኝም፤ ነገር ግን ዕቃው እንደ ነበረ ሆኖ ለልጆቼ እንዲተላለፍ እፈልጋለሁ። ላሠራው ወይስ ልተወው? (ከዘጌ)

መልስ፦ አያስሞርዱት። ምክንያቱን ከመግለጻችን በፊት ግን ከመምቻው የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። አሮጌ ጠመንጃ ጎርሶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው ዘመን ስለ ቆጠረ ብቻ ኃይሉን አያጣም፤ ጠመንጃን አጉርሶ መስቀልም በቀድሞው ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። ስለዚህ አስቀድመው መዶሻው በሚያርፍበት ሾጣጣ ብረት ላይ ትንሽ የመዳብ ቆብ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ቆብ ካለበት ጠመንጃውን ካለበት ሳያነሡ ለፖሊስ ያሳውቁ፤ በቆቡ ውስጥ ያለው ቅመም በምት የሚፈነዳ ነው፣ ሲያረጅም እምነት አይጣልበትም። ቆብ ከሌለበት ቀጭን ደረቅ የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል እስኪቆም ድረስ በቀስታ ያስገቡ፤ ይህን ሲያደርጉ ፊትዎንና ሰውነትዎን ከአፈሙዙ ትይዩ አያድርጉ። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ዘንጉን ምልክት አድርገውበት ያውጡትና በበርሜሉ ውጭ አስተኝተው ይለኩ። የዘንጉ ጫፍ እስከ ሾጣጣው ሥር ከደረሰ በርሜሉ ባዶ ነው። ጥቂት ጣቶች ያህል ካነሰ ግን በውስጡ ባሩድና እርሳስ፣ ወይም ውታፍ ጨርቅ፣ ወይም የተርብ ጎጆ አለ ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከውጭ ስለማይታወቅ እንደ ጎረሰ ይቆጠራል። በሽቦ መቆፈር፣ በእሳት ማሞቅ፣ ወይም «ተኩሰን እንገላገለው» ማለት ሰው የሚያጎድል ሥራ ስለሆነ ለሚመለከተው አካል ይተዉት።

ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ መምቻው እንመለስ። በውስጡ ከመዶሻው ጋር አብሮ የሚዞር፣ በጠርዙ ላይ ሁለት ጥርስ የተቆረጠበት ብረት አለ። እንደ ሹካ የታጠፈው ዋናው ሞላ ይህን ብረት በኃይል ይገፋዋል፤ ትንሹ ሞላ ደግሞ የያዡን ምላስ ጫፍ ከጥርሱ ጋር እንዲጣበቅ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ጥርስ ጥልቅ ነው፤ መዶሻው በግማሽ ሲሳብ የምላሱ ጫፍ ከውስጡ ስለሚገባ ምላጩ ቢሳብም አይለቅም። ሁለተኛው ጥርስ ጥልቀት የለውም፤ መዶሻው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ምላሱ በጠርዙ ላይ ብቻ ያርፋል፣ ምላጩ የምላሱን ጅራት ወደ ላይ ሲገፋውም ይለቃል።

እርስዎ የጠቀሱት የክረምትና የበጋ ልዩነት ሊታለፍ የማይገባው ፍንጭ ነው። ብረት ቢያረጅ በሐምሌም በየካቲትም ያው ነው፤ ከወቅት ጋር የሚለዋወጠው እንጨቱ ነው። በዘጌ የቡና ጫካ ጥላ ውስጥ ያለ ቤት ክረምቱን ሙሉ እርጥበት አይለየውም፤ የጠመንጃው እንጨት እርጥበቱን ሲጠጣ ያብጣል፣ መምቻው የተቀበረበት ጉድጓድም ይጠብባል። ያበጠው እንጨት የምላሱን ጅራት ከሥር ቢደግፈው ወይም ከጎን ቢያጣብቀው የምላሱ ጫፍ ወደ ጥርሱ ሊገባ አይችልም፤ ስለዚህ መዶሻው አይያዝም። ምላጩ ራሱ በእንጨቱ ውስጥ ተጣብቆ የምላሱን ጅራት ዘወትር ወደ ላይ ቢገፋውም ውጤቱ አንድ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በመጀመሪያ መምቻውን ከግራ በኩል ተሻግረው የያዙትን ብሎኖች ሩብ ዙር ያህል ያላሉና መዶሻውን በአውራ ጣትዎ ይዘው በቀስታ ይሳቡት። አሁን ከያዘ ብሎኖቹ ከልክ በላይ ጠብቀው ገበታውን ወደ እንጨቱ አጣብቀውት ነበር ማለት ነው፤ ችግሩ ከዚህ ላያልፍ ይችላል። ካልያዘ መምቻውን ያውጡት። መዶሻውን በግማሽ ስበው ሾጣጣውን እንዲያልፍ ያድርጉ፤ በግማሽም አልያዝ ካለ ረዳት በእጁ ደግፎ ይያዝልዎ። የካቻቢቴው አፍ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በስፋትም በውፍረትም እኩል መሆን አለበት፤ ያለዚያ ጠርዙን ይበላዋል፣ የዚህን ዓይነት ብሎንም ዛሬ ከሱቅ ገዝቶ መተካት አይቻልም። ብሎኖቹን እስከ ግማሽ ፈትተው በራሶቻቸው ላይ በእንጨት እጀታ ቀስ ብለው ቢመቱ ገበታው በራሱ ይወጣል። በካቻቢቴ ጫፍ ከገበታው ሥር ገብቶ መፈልቀቅ ግን የብዙ ጠመንጃዎች እንጨት ከመምቻው ዙሪያ የተሰነጠቀበት ምክንያት ነው።

መምቻው በእጅዎ ላይ ሳለ መዶሻውን በአውራ ጣት እየያዙ ይሳቡትና ይመልሱት። በፍጹም ለቀው እንዳይመታ ይጠንቀቁ፤ ከጠመንጃው ውጭ መዶሻውን የሚያቆመው ሾጣጣ ስለሌለ የውስጡ ብረት ይሰበራል። በእጅ ላይ ሁለቱንም ጥርስ አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ መምቻው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በእንጨቱ ወይም በምላጩ ዘንድ ነው። የሚነካካውን ቦታ ለማግኘት የተለኮሰ ጧፍ ጥላሸት በምላሱ ጅራትና በሞላዎቹ ጠርዝ ላይ ያስነኩ፤ መምቻውን መልሰው አስገብተው ጥቂት ካንቀሳቀሱ በኋላ ሲያወጡት እንጨቱ ጠቁሮ የሚታይበት ቦታ እርሱ ነው። እንጨቱን በክረምት አይቁረጡት። እስከ ኅዳር ቢታገሡ እንጨቱ ራሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በክረምት የተቆረጠው ግን በበጋ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ጠመንጃውን ከቤቱ ደረቅ ክፍል ማስቀመጥ ብቻ የእርስዎን ችግር ሳይፈታው አይቀርም።

መምቻው በእጅ ላይ እያለም ካልያዘ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ቆሻሻ ነው፤ ስለዚህም በሁለተኛው መልሳችን እንመለስበታለን። ከታጠበም በኋላ ካልያዘ ትንሹ ሞላ ተሰብሮ ወይም ደክሞ እንደሆነ፣ የምላሱ ጫፍም ተሸርፎ እንደሆነ በአጉሊ መነጽር ይታይ። ሞረድ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ጥርሶች የጠነከሩት በላያቸው ባለው ስስ ቆዳ ብቻ ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ክፍልፋይ አይበልጥም። ሞረዱ ይህን ቆዳ ካነሣው ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በጥቂት ጊዜ ይበላል፤ የጥርሱ ማዕዘን ጥቂት ቢዛነፍም በግማሽ የተሳበ መዶሻ ምላጭ ሳይነካ ሊወድቅ ይችላል። ምላሱ በእርግጥ ከተሰበረ የሚሻለው ለሙያው ቅርብ የሆነ ሰው አዲስ ምላስ ሠርቶ እንዲተካውና አሮጌው ከጠመንጃው ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ በባለቤቴ ቤተሰብ ልማድ ጠመንጃው በየዓመቱ ለመስቀል ቅቤ ይቀባል፤ ቅቤ በታጣ ጊዜ የኑግ ዘይት ይቀባ እንደነበር አማቴ ይናገራሉ። አሁን መዶሻው ይሳባል፣ ነገር ግን ሲለቁት እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሞላው ደክሞ ይሆን? ዝገቱንስ በሎሚና በአሸዋ ብናጥበው ምን ይመስላችኋል? (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ ሞላው ደክሞ አይመስለንም። በደብዳቤዎ የገለጹት ምልክት የደረቀ ቅባት ምልክት ነው። የኑግ ዘይት አየር ሲነካው ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ በስስ ሲቀባና ሲቆይ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል፤ የተልባ ዘይትም እንዲሁ ነው። ይህ ጠባይ ለእንጨት ይጠቅማል፤ ለሚንቀሳቀስ ብረት ግን ሙጫ ነው። ቅቤ ደግሞ ውኃ በውስጡ አለው፣ ሲቆይም ይቆመጥጣል፤ የቆመጠጠ ቅባት አሲድ ስለሆነ ብረቱን ከሥር ይበላዋል፣ አይጥንም ይጠራል። የአማትዎ ቤተሰብ ጠመንጃውን ሳይቀባ ቢተወው ኖሮ ከዚህ የባሰ ይዝግ ስለነበር ልማዱን አንነቅፍም፤ አሁን ግን ከዚያ የተሻለ ነገር በየሱቁ አለ።

መምቻውን በመጀመሪያው መልስ እንደተገለጸው ከእንጨቱ ያውጡት። ለማጠብ ሲባል እያንዳንዱን ክፍል መፍታት አያስፈልግም፤ በተለይም ዋናውን ሞላ በፒንሳ ታግለው ለማውጣት አይሞክሩ፤ ተወርውሮ ዓይን ያጠፋል ወይም ከመታጠፊያው ላይ ይሰበራል። መምቻውን ሳይፈቱ በሣህን ላይ በተደረገ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። ይህን ከእሳትና ከከሰል ምድጃ ርቀው፣ አየር በሚገባበት ቦታ ያድርጉ። በማግሥቱ በለስላሳ ብሩሽና በተሳለ የሸምበቆ ስንጣሪ በየስርጓጉጡ ያለውን ቡናማ ሙጫ ያውጡ፤ ሸምበቆ ብረት አይቧጭርም። ሙጫው ካልለቀቀ ዘፍዝፎ ማሳደሩን ይደግሙታል እንጂ ጉልበት አይጨምሩበትም። ከሾጣጣው አጠገብ ወይም በመዶሻው አፍ ውስጥ ነጭና ግራጫ ቅርፊት ካዩ የባሩድና የመዳብ ቆብ ቅሪት ነው፤ እርሱ ጨው ስለሆነ በዘይት አይሟሟም፣ ከአየር ላይም እርጥበት እየሳበ ዝገትን ዘወትር ያድሳል። እርሱን በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጠርገው ወዲያውኑ በደንብ ያድርቁት።

ከደረቀ በኋላ የሚያስፈልገው ቀጭን የማሽን ዘይት፣ ለምሳሌ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው። በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ ባለ ጥርሱ ብረት በሚዞርበት፣ ምላሱ በተሰካበት ብሎን፣ የዋናው ሞላ ጫፍ በሚነካበትና ምላሱ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበቃል። ከዚህ የተረፈው ዘይት ወደ እንጨቱ ይፈሳል፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ይጠቁራል፣ እየላላም ብሎኑን መያዝ ያቅተዋል። በዘይት የራሰ ጠመንጃ በደንብ የተያዘ የሚመስላቸው ብዙ ባለቤቶች አሉ፤ በእንጨቱ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ከዝገት አይተናነስም።

ሎሚና አሸዋን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፤ አያድርጉት። ሎሚው ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይበላል፤ አሸዋው የተቀረጸውን ምልክት ያጠፋል። ብርጭቆ ወረቀትም ከዚህ የተለየ አይደለም። በእጅ ሲነካ የማይለቅ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ መልክ ለብረቱ ልብሱ ስለሆነ ይተዉት። መወገድ ያለበት በጣት ሲነካ ቀይ ዱቄት የሚለቀው ዝገት ብቻ ነው፤ እርሱም ዘይት ተቀብቶ ከሰነበተ በኋላ በእንጨት ወይም በናስ ቁራጭ ጠርዝ ይፋቃል።

ጥያቄ፦ በጠመንጃችን የብረት ገበታ ላይ ከመዶሻው በስተኋላ ዘውድ፣ ከፊቱ ደግሞ በላቲን ፊደል «ታወር» የሚል ጽሑፍና ዓመተ ምሕረት ይታያል። አባታችን ከመቅደላ የመጣ ነው ይሉ ነበር። እውነት ይሆን? ጽሑፉ ጎልቶ እንዲነበብ ብናስወለውለውስ? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ዘውዱና «ታወር» የሚለው ጽሑፍ በእንግሊዝ ጦር ጠመንጃዎች መምቻ ላይ ይቀረጹ የነበሩ ምልክቶች ናቸው፤ ዓመቱም መምቻው የተሠራበት ነው፣ አቆጣጠሩም የአውሮፓ ነው። የእንግሊዝ ጦር በመዳብ ቆብ ወደሚተኮሰው መምቻ የተሸጋገረው ከእ.ኤ.አ. 1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1853 የተዋወቀው የኤንፊልድ ጠመንጃ በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል። ይሁን እንጂ በቤልጂየሟ ሊዬዥ ከተማ የነበሩ ሠሪዎች ለንግድ የሚሆኑ ተመሳሳይ ጠመንጃዎችን በብዛት ይሠሩ ስለነበር፣ በመምቻው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ በበርሜሉ ላይና ሥር ያሉት የፍተሻ ማኅተሞችም መታየት አለባቸው።

የመቅደላውን ነገር በጥንቃቄ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ በዘመተው በእንግሊዙ ጄኔራል በናፒየር ጦር ውስጥ የእንግሊዝ ወታደሮች መሣሪያ ከኋላ የሚጎርሰው ሰናድር ነበር። በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች በአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት እጅም ነበሩ፤ ናፒየርም ሲመለስ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለሆኑት ለካሣ ምርጫ 850 ያህል ጠመንጃዎችን ከመድፎች ጋር ትቶላቸው ሄዷል። ከዚህም ሌላ በምጽዋና በመተማ በኩል በንግድ የገቡ አሉ። ስለዚህ የአባታችሁ ቃል ሊሆን የሚችል ነው፤ ጠመንጃው ራሱ ግን አይመሰክርም፣ ቤተሰቡ ማን ከማን እንደተቀበለ የሚያውቀውን ሁሉ ሽማግሌዎች ሳያልፉ በጽሑፍ ማስቀመጡ የበለጠ ይጠቅማል። ለነገሩ የባሩድ ጠመንጃ ለጣና ዙሪያ ከዚያም እጅግ የቀደመ እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1543 ከሐይቁ በስተምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ተሰልፈው ነበር፣ ኢማም አሕመድ የወደቁትም በዚያ ውጊያ ነው።

ማስወልወሉን ይተዉት። የተቀረጸ ምልክት የሚነበበው በጠርዙ ስለታምነት ነው፤ መወልወያ በመጀመሪያ የሚያጠፋው እርሱን ነው። ጽሑፉን ለማንበብ በጨለማ ክፍል የባትሪ ብርሃን ከጎን አጋድመው ያብሩበትና ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል።

በተጨማሪም ማወቅ የሚገባችሁ ሁለት ሕጎች አሉ። የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ ስለ ፈቃዱ በአቅራቢያችሁ ያለውን ፖሊስ ጠይቁ፤ «አሮጌ ነው» ብሎ መገመት በቂ አይደለም። ዕቃው በቅርስነት የሚታይ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ከመጥረግና ከመቀባት ያለፈ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማማከር ይበጃል።

ጥያቄ፦ በደሴት ገዳማችን ዕቃ ቤት በስእለት የገቡ ሁለት አሮጌ ጠመንጃዎች አሉ። እንግዶች ሲመጡ መዶሻውን ስባችሁ አሳዩን ይሉናል፤ እኛም እንዳናስቀይም እንስባለን። ይህ ይጎዳል? አቀማመጡስ እንዴት ቢሆን ይሻላል? (ከጣና ደሴቶች አንዱ)

መልስ፦ አባታችን፣ ይጎዳል። መዶሻው ባዶውን ሾጣጣ በመታ ቁጥር የሾጣጣው አፍ ይደፈጠጣል፣ የመዶሻውም ጉድጓድ ይሰፋል፤ የመቶ ዓመት ሞላ ደግሞ በየትኛው ስበት እንደሚሰበር አይታወቅም። አንደኛው ጠመንጃ በባልጩት የሚሠራ ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ባልጩቱ የእሳት ብረቱን ፊት እየፋቀ ስለሆነ ፍንጣሪ የሚያወጣው፣ እያንዳንዱ ምት ከብረቱ ጥቂት ይወስዳል። ለእንግዶች የመምቻውን የውስጥ ገጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አጠገቡ ቢሰቀል ከመሳቡ የበለጠ ያስረዳል፤ የሚቀየምም አይኖርም።

መዶሻው ዘወትር ወርዶ፣ ሞላው አርፎ ይቀመጥ። ተስቦ የሚቆይ ሞላ በውጥረት ስለሚኖር በውስጡ ያለች ትንሽ ስንጥቅ ትሰፋለች። ጠመንጃዎቹ ከጭቃ ግድግዳ ጋር ሳይነካኩ በእንጨት መደገፊያ ላይ ይጋደሙ፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥርም ይራቁ፣ ቆርቆሮ ቀን ግሎ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ንጋት ላይ ጤዛው በብረቱ ላይ ይቀመጣል። በቆዳ አፎት ውስጥ አያስቀምጧቸው፤ ቆዳ የተለፋበት ቅመምና የሚይዘው እርጥበት ተባብረው ብረቱን ያዝጉታል። ያልቀለመ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። ብረቱን በባዶ እጅ የነካ ሰው ላቡን ትቶ ስለሚሄድ፣ ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ ዘይት በነካው ጨርቅ ይጠረግ። ለእንጨቱ በገዳሙ የማይጠፋው ንጹሕ ሰም በስሱ ተቀብቶ በጨርቅ ቢታሽ ከማንኛውም ዘይት ይሻላል፤ ወደ ብሎኖቹ ስንጥቅ ግን እንዳይገባ ይጠንቀቁ፣ የደረቀ ሰም ካቻቢቴውን ያንሸራትታል። ምርመራው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በግንቦት ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ሌላው በጥቅምት ቢደረግና በእያንዳንዱ ጊዜ የታየው ቀይ ዱቄት ያለበት ቦታ በዕቃ ቤቱ መዝገብ ላይ ቢጻፍ ዝገቱ እየተስፋፋ መሆኑ ወይም መቆሙ በቀላሉ ይታወቃል።